ክላፍ ነው በለው

የአባቴ ልብስ ስፌት ቤት በር አልነበረውም። መቃኑ ነበር፤ ዝገት የበላቸው ማጠፊያዎች ነበሩ፤ በውጭ በኩል ደግሞ የመወርወሪያው ቀለበት መቃኑ ላይ እንደተመታ ቀርቷል። በሩ ራሱ ግን የለም። በቦታው አባቴ ከተራረፉ የኮት ገበሮች የገጣጠመው መጋረጃ ተሰቅሏል። ነፋስ ሲነሳ መጋረጃው ሆዱን ነፍቶ ይገባና መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሁሉ ያምሳል። በክረምት ዝናቡ ደፉን ተሻግሮ ይመጣል። አባቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ አንጥፎ ይመጥጠዋል እንጂ በር ስለማሠራት ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። የግቢው የብረት በር ስለሚቆለፍ ሌባ አያሰጋንም፤ ብርዱ ግን ቤተኛ ነበር።

«በሩ የት ሄደ?» ብዬ አንድ ቀን ጎረቤታችንን አባባ ዳኛውን ጠየቅኳቸው።

«ቀይ ካርድ አይቶ ወጣ» አሉኝ።

ሳቅኩ። ከአባቴ ጋር የሚሰፋው አጎቴ የስፌት መኪናውን መርገጡን አላቆመም። አባቴ ካውያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ሁለቱም ስላልሳቁ ቀልዱን ያልሰሙት መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ገና ክሊኒክ ናት። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ስለነበረች የመጨረሻው በሽተኛ ካልወጣ አትወጣም። እስክትመጣ ድረስ የምውለው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው። ከዚያ ውጭ ለልጅ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ብቸኛዋ መስኮት ከአባቴ ራስ በላይ ናት፤ ግድግዳው ዙሪያውን ያላለቁ ኮቶች ተሰቅለውበታል፤ አንዳንዱ እጅጌ የለውም፣ አንዳንዱ ኮሌታ የለውም። የካውያው እንፋሎት ሲነሳ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ጉሮሮ ውስጥ ይቀመጣል። ሥራም ነበረኝ። በክር የታሰረ ማግኔት ይዤ መሬት የወደቁ ስፒሎችን እለቅማለሁ። አጎቴ በዚህ የተነሳ «ማግኔቴ» ይለኝ ነበር።

ከጠረጴዛው ሥር የሚታየው እግር ብቻ ነው። የአባቴ እግሮች የቆሙ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከመቁረጫው ወደ ካውያው፣ ከካውያው ወደ መቁረጫው፣ ሌላ መንገድ አያውቁም። የአጎቴ እግሮች የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ናቸው። የግራ እግሩ ግን አንድ አመል ነበረበት። ከላይ የክር ጥቅል ሲወድቅ መሬት አያደርሰውም። መርገጫውን ሳይለቅ፣ ቀና ብሎም ሳያይ፣ ግራ እግሩ ወጣ ይልና ጥቅሉን በጫማው ጀርባ ላይ ይቀበለዋል። አንድ ሁለቴ ያነጥረዋል። ከዚያ ወደ እኔ ያቀብለኛል። የሁሉም አጎት እግር እንዲህ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

የቤቱ ደንብ ደግሞ ይህ ነው፤ ሥራ በመልእክተኛ፣ ኳስ በቀጥታ።

«ልጄ፣ አጎትሽን የግራው እጅጌ አልቋል ወይ በይው» ይላል አባቴ።

አጎቴ ክንዱን ቢዘረጋ አባቴን ይነካዋል። እኔ ግን ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ፣ ቀሚሴን አራግፌ፣ «ጋሼ፣ አባዬ የግራው እጅጌ አልቋል ወይ ይልሃል» እላለሁ።

«ገና ነው በይው።»

«አባዬ፣ ገና ነው ይልሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

ይህን የልብስ ሰፊዎች ሁሉ ሥርዓት አድርጌ ነበር የማየው። ትምህርት ቤት የወላጆቻችንን ሥራ እንድንናገር ስንታዘዝ፣ ኮት ለመስፋት ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይላላካል ብዬ አስረዳሁ። መምህሯ ለምን እንደሳቀች ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

አባቴ እጅጌ መስፋት አይችልም ነበር። አጎቴም ገላ፣ ደረቱንና ጀርባውን፣ መቁረጥ አይችልም። ሥራውን ያስተማሯቸው አያቴ፣ ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የተነሱት ፎቶ ከመስኮቷ ሥር ተሰቅሏል። ለትልቁ ልጃቸው ገላውን፣ ለትንሹ እጅጌውን አስተምረው ነበር የሞቱት። «አንዱ ያለ አንዱ እንዳይሆን ብዬ ነው» ይሉ ነበር አሉ። እናቴ ይህን በነገረችኝ ቁጥር እንዴት ያለ ፍቅር ነው እያልኩ ወደ ፎቶው ቀና ብዬ አይ ነበር።

ከቀትር በኋላ አባባ ዳኛው ይመጣሉ። ጎረቤታችን የሰዓት ጠጋኝ ናቸው፤ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ክርክር ሲጋጋል ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ስለሚያፏጩ ሁሉም ዳኛው ይላቸዋል። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ የጨርቅ ክምሩ ላይ ተቀምጠው፣ እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«እህ፣ ልጆች! የብሪታንያ ኳስ ትልቁ አሠልጣኝ ማነው? ትናንት የት ላይ ነበር ያቆምነው?»

«ትናንት እሱ ተሸንፎ ነበር ያቆምነው» ይላል አባቴ።

«ማን? እኔ? በሕልምህ!» ይላል አጎቴ።

እኔ ማግኔቴን አስቀምጬ ጉልበቴን አቅፋለሁ። ክፍሉ ውስጥ ቀጥታ መነጋገር የተፈቀደበት ሰዓት ገባ ማለት ነው።

«ፈርጉሰን» ይላል አባቴ፤ መቀሱ ሳያቋርጥ። «ሰውዬው ገና ከስኮትላንድ ሳይወጣ፣ በአበርዲን፣ ሪያል ማድሪድን ረትቶ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ያነሳ ነው። ማንችስተር ላይ የሠራውንማ ትቼልሃለሁ።»

«ለማን ብለህ ትተዋለህ? አምጣው! ትልቅ ቤት ገብቶ ትልቅ መሆን ምኑ ይደንቃል? ክላፍ ኖቲንግሃም ፎረስትን ሲይዝ የት ነበር? ሁለተኛ ዲቪዚዮን። አንስቶ የእንግሊዝ ሻምፒዮን አደረገው። ከዚያ የአውሮፓ ሻምፒዮን። በዓመቱ ደግሞ ድገም ቢሉት ደገመው!»

«በመጨረሻስ? ይዞት ወርዶ አይደል የቀረው?»

«ሰው በመጨረሻው ከተለካማ እዚህ ቤት ያልወረደ ማን አለ?»

ፉጨት።

«ጨዋታ! ጨዋታ!» ይላሉ አባባ ዳኛው። «ሁለታችሁም ፔዝሊን ረስታችሁ ታቦካላችሁ። ወጌሻ የነበረ ሰው፣ ሹራቡን ለብሶ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ ለሊቨርፑል ሦስት የአውሮፓ ዋንጫ!»

«ጋሽ ዳኛው፣ ዳኛ ቡድን ይይዛል እንዴ?» ይላል አጎቴ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ፉጨቱ የናንተ ነው፣ ልቤ የሊቨርፑል ነው።»

በዚህ ጊዜ ሦስቱም ይስቃሉ። አንዳንዴ ግን ሳቁ ሳያልቅ ነገር ይመጣል። አንድ ቀን አባቴ እንዲህ አለ፤ «ፈርጉሰን የገባው አንድ ነገር ነው። ማንም ከክለቡ አይበልጥም። ኮከብ ነኝ ብሎ ያበጠውን ሁሉ ሸኝቶታል።»

«ሸኝቶታል!» አለ አጎቴ። «አየህ፣ ራስህ አልከው። በሩን ከፍቶ ሸኘው። አልዘጋበትም።»

መቀሱ ቆመ። የአጎቴ እግሮች መርገጫውን እንደሚያሳድዱት ሁሉ ፈጠኑ። አባባ ዳኛው ጣታቸውን ወደ አፋቸው አነሱና ሳያፏጩ መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

የአጎቴ የመጨረሻ ምት ሁልጊዜ አንድ ነበረች። «እንግሊዞች ብሔራዊ ቡድኑን ለክላፍ አልሰጡትም። ጠርተው አነጋገሩት፣ ከዚያ ለሌላ ሰጡት። የሚገባው እሱ እንደሆነ እያወቁ።» ይህን ሲል ድምፁ ይወርዳል። አባቴም ወደ ካውያው ይዞራል። እዚህ ላይ አባቴ ነጥብ የጣለ ይመስለኝና አዝንለት ነበር።

አጎቴ ከኛ ጋር አይበላም። ከጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ብቻውን ይኖራል፤ እናቴ ሳህን ይዛለት ትሄዳለች። በገበታ ላይ ስሙ ሲነሳ አባቴ ውሃ ይጠጣል። እንዲህ ያኳረፋቸው ማን እንደሆነ ለኔ ግልጽ ነበር። ፈርጉሰን ነው። ያን ጊዜ ሰውዬው ገና ሥራ ላይ ስለነበር፣ ማታ ስተኛ ከሥራው እንዲባረር እጸልይ ነበር። ቡድኑ ባሸነፈ ቁጥር ጸሎቴ አልደረሰም ብዬ አለቅሳለሁ። እናቴ ኳስ እንዲህ የምወድ መስሏት ትገረማለች።

ያ ወቅት የሠርግ ወቅት ነበር። የአንድ ሙሽራና የሚዜዎቹ ሱፍ ታዝዞ ክፍሉ በጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ተጨናነቀ። ለመተላለፍ ጎን መሆን ያስፈልግ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ገበር ሊገዛ እንደወጣ እናቴ ከክሊኒክ በምሳ ሰዓቷ መጣች። ነጭ ጋውኗን አላወለቀችም። እኔ ከጠረጴዛው ሥር መሆኔን ያወቀች አልመሰለኝም።

«መቼ ነው?» አለችው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«የሠርገኞቹ ሱፍ ሲያልቅ።»

«ሰዎቹ እስከዚያ ይጠብቁሃል?»

«ይጠብቁኛል። ልጆቹ ገና አሁን ነው የሚሰበሰቡት፤ ሜዳውም አልተጠረገም። አሠልጣኝ ብለው ሲጠሩኝ ለሌላ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።»

«ለወንድምህስ ነግረኸዋል?»

አጎቴ በአፍንጫው ሳቀ። «እኔና እሱ ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው የምናወራው። ከባሕር ወዲህ ያለ ነገር አውርተን አናውቅም።»

ነጭ ጫማዋ ወደ መኪናው አንድ እርምጃ ቀረበ።

«አንዲት ቃል ቢልህስ? አንዲት ቃል። ትቀራለህ?»

«አይላትም።»

«ቢላትስ ወንድሜ?»

መኪናው ተነሳ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ ስፌት ሰፋ። እናቴ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለልኝ። አጎቴ ሊሄድ ነው። የሚሄደው አባቴ አንዲት ቃል እምቢ ስላለ ነው። ያቺን ቃል ደግሞ ከኔ የበለጠ የሚያውቃት የለም፤ ስንት ከሰዓት ሙሉ እዚህ ተቀምጬ አጎቴ ሲለምናት፣ አባቴ ሲነፍጋት ሰምቻለሁ። አሁን ሳስበው አጎቴ ለእናቴ ጥያቄ መልስ አልሰጠም። የመኪናውን ድምፅ «አዎ» ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲሄድ አባቴ ሱሪ ይተኩሳል። ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። እንፋሎቱ ፊቴን አለበሰው።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«ክላፍ ነው በለው።»

«ማንን?»

«ጋሼን። ትልቁ አሠልጣኝ ክላፍ ነው በለው።»

«ፈርጉሰን በሕይወት እያለ?» ሳቀ። «እንደሱ ብዬ የት እገባለሁ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በልብህ ፈርጉሰን በል።»

«ጉድ ነሽ አንቺ! እሱ ነው የላከሽ?»

«አይደለም። እንዲቀር ነው።»

«ከምኑ እንዲቀር?»

«ከመሄድ። ሰዎች ጠርተውታል። ልጆች ሊያሠለጥን። ሱፎቹ ሲያልቁ ይሄዳል።»

ካውያው ባለበት ቆመ። አባቴ እያየኝ ነበር፤ ግን ያይ የነበረው እኔን አልነበረም። መጀመሪያ የጨርቅ ሙቀት ሸተተ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ። ካውያውን ሲያነሳው የሙሽራው ሱሪ ጭን ላይ ቡናማ ጫፉ ሾጣጣ ምልክት ቀርቷል። አባቴ ጨርቅ ሲያቃጥል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አልተቆጣኝም። ሱሪውን ወደ ውስጥ አጥፎ አስቀመጠው።

«ወደ ቦታሽ ግቢ» አለኝ።

ገባሁ። እግሮቹ ከካውያው ፊት ለፊት ተተክለው ቀሩ። አጎቴ ተመልሶ መጥቶ መኪናው ሲነሳ እንኳ አልተንቀሳቀሱም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ሰነፈ። በጠመኔ ያሰመረውን ጨርቅ በብሩሽ ያጠፋዋል፤ እንደገና ያሰምራል። የተቃጠለውን ሱሪ አዲስ ለመቁረጥ ጨርቁን ሲያነሳና ሲጥል ይውላል። የለካውን መልሶ ይለካል። ሚዜዎቹ ለሙከራ ሲመጡ ልካቸው ያልሆነ ነገር ይፈልጋል፤ ትከሻው ላይ፣ ወገቡ ላይ። «ልክ ነው እኮ» ሲሉት «አይደለም፣ ይፈታል» ይላል። እናቴ ሠርጉ ሳይደርስ አያልቅም ብላ ስትፈራ እኔ አባቴን ታዝቤው ነበር። ሱፎቹ እንዳያልቁ እየለመናቸው እንደነበር አልገባኝም።

ሱፍ ግን ያልቃል። የመጨረሻው ኮት ገላው አልቆ እጅጌው ብቻ የቀረው ዕለት፣ ዝናብ ያዘለ ከባድ ቀን ነበር፤ መጋረጃው ረጥቦ ደጃፉ ላይ ተለጥፏል፤ ክፍሉ ውስጥ አየር የለም። አባባ ዳኛው እንደልማዳቸው ገብተው ተቀመጡ።

«እህ፣ ልጆች! የብሪታንያ ኳስ ትልቁ አሠልጣኝ ማነው?»

አጎቴ ከመኪናው ቀና አላለም። የመጨረሻውን እጅጌ ይዟል።

«ክላፍ ነው» አለ አባቴ።

መርገጫው ቆመ።

አባባ ዳኛው ሳቁ። «ምን ነካህ? ፈርጉሰን ዛሬ ታመመ እንዴ?»

«ክላፍ ነው» አለ አባቴ እንደገና። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ለትልቅ ሰው የሚናገር ልጅ ይመስላል። «ይገባው ነበር። ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።»

ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ጉልበቴን አጥብቄ አቀፍኩ። እያለው ነው! ያልኩትን እያለው ነው!

«የከለከሉት ትልልቆቹ ናቸው» ሲል ቀጠለ። «እሺ። ግን በሩን የዘጋውም እምቢ ማለት ይችል ነበር። እምቢ ቢል ምን ይመጣበታል? ሰው ነበር። እግር ነበረው፤ ተነስቶ መሄድ፣ ከፍቶ መሄድ ይችል ነበር። አልተነሳም። ተቀምጦ ሰማ።»

ከእንግሊዝ ኳስ ጋር ስኖር በር የዘጋ ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። አዲስ አሠልጣኝ መስሎኝ ማን ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

አባባ ዳኛው ተነሱ። አላፏጩም። እርጥቡን መጋረጃ በሁለት እጃቸው ገልጠው ወጡ፤ የእግራቸው ድምፅ ግቢውን ሲያቋርጥ ይሰማ ነበር። የአባቴ እግሮች ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ ዞረው ቆመዋል። የአጎቴ ግራ እግር ከመርገጫው ወርዶ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ከመኪናው ላይ የክር ጥቅል ወደቀ። እግሩ አልተነሳም። ጥቅሉ መሬት መታ፣ ተንከባለለ፣ እኔ ዘንድ መጥቶ ቆመ።

አጎቴ፣ «ፈርጉሰንም መጥፎ አይደለም» አለ።

ቀጥሎ ደግሞ፣ «መቀሱን አቀብለኝ» አለ።

እንደልማዱ እንዳስተላልፍለት መስሎኝ ከጠረጴዛው ሥር ወጣሁ። ለአባቴ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ መቀሱ ከአባቴ እጅ ወደ አጎቴ እጅ አልፏል። መሐላቸው ቆሜ ቀረሁ። ከሥራዬ የተባረርኩ መሰለኝ።

ሠርጉ አለፈ፤ አጎቴ ግን ወዲያው አልሄደም። ያኔ ነው ከጠረጴዛው ሥር አይቼ የማላውቀውን ያየሁት። መርገጫው ላይ የአባቴ እግሮች ነበሩ። የአጎቴ እግሮች ከኋላው ቆመዋል።

«በጉልበትህ አትርገጥ፤ በቁርጭምጭሚትህ ነው። እህ። አሁን ጨርቁን አትጎትተው፣ ራሱ ይምጣልህ። እጅጌ አይጎተትም።»

«እንደ ሕፃን አታስተምረኝ።»

«ሕፃንማ ቶሎ ይገባዋል።»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። ክር ይበጠሳል፤ እንደገና ይቀጠላል። እጅጌው ተገልብጦ ይሰፋል፤ ይፈታል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በልብስ መኪና ሲጫወቱ እያየሁ፣ አለቀ፣ ታረቁ፣ አጎቴ ቀረ ብዬ ለእናቴ አበሰርኳት። እናቴ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። ቀረ አላለችም።

አንድ ጠዋት የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሟል። መጋረጃውን በአንድ እጁ ወደ ጎን ይዞታል። አጎቴ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከውስጥ ወጣ፤ ከሻንጣው ውጭ በማሰሪያቸው የተቋጠሩ የኳስ ጫማዎች ይወዛወዛሉ። ቆዳቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ለሕፃን እግር የሚሆኑ ያህል ትንንሽ ነበሩ።

«ማግኔቴ፣ ስፒል እንዳትውጪ» አለኝ።

«ብሎህ የለም እንዴ!» ብዬ ጮህኩበት። «ክላፍ ነው ብሎሃል! እኔ ሰምቻለሁ!»

«ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?»

አጎቴ ወደ አባቴ አየ። «ስላለኝ» አለ።

ከግቢው እስኪወጣ አባቴ መጋረጃውን አልለቀቀም። እኔ ያን ቀን ክላፍን ጠላሁት። ፈርጉሰን ባይሆን ኖሮ፣ ክላፍም ባይኖር ኖሮ አጎቴ አይሄድም ነበር።

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ሻንጣ ስንሸክፍ ነው። አባቴ ለጉዞዬ ኮት ሰፍቶልኝ ነበር፤ ገላውንም እጅጌውንም ራሱ። የግራው እጅጌ ትንሽ ጠመም ይላል። እናቴ ያንን እጅጌ እያጠፈች ነው የጀመረችው።

«መልማዮች ሜዳ መጥተው ልጆች የሚመርጡበት ቀን ነበር አሉ» አለች። «እኔ ያኔ አላገባሁትም፤ አባትሽ ነው የነገረኝ፤ እሱም አንዴ ብቻ። አጎትሽ ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከመኪናው ሥር ደብቆታል። አያትሽ አዩበት። አባትሽን ጠርተው ‹ዝጋበት› አሉት። መወርወሪያውን ከውጭ ወረወረበት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ያ ልጅ በሩን ሲደበድብ፣ ‹ወንድሜ› እያለ ሲለምነው፣ እዚያው ተቀምጦ ሰማ።»

«ከዚያስ?»

«አመሻሽ ላይ ከፈተለት። አጎትሽ አልወጣም። መኪናው ላይ ተቀምጦ እጅጌ እየሰፋ ነበር።» ኮቱን ሻንጣው ውስጥ አስተኛችው። «አያትሽ የተቀበሩ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ አጎትሽ በሩን ከነመወርወሪያው ነቅሎ ተሸክሞት ወጣ። የት እንደጣለው እስካሁን አናውቅም። ማንም አልጠየቀውም።»

«በሩ ከሌለ ለምን ቀረ ታዲያ?»

እናቴ እንደ ሞኝ አየችኝ። «እጅጌ ብቻ የሚችል ሰው የት ይሄዳል? አባትሽስ ገላ ብቻ ይዞ ማን ይቀበለዋል?»

ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ስብሰባ ላይ የምቀመጠው በር አጠገብ ነው። ዓይን አፋር ስለሆነች ነው ይላሉ። አላስተባብልም።

አባቴ አሁንም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። መጋረጃው ተቀይሯል፤ ገበሩ ግን ያው ገበር ነው። አባባ ዳኛው የሉም። የአባቴ ጆሮ ስለደከመ ስልክ ላይ አይሰማም፤ እሑድ እሑድ እኔ ስሄድ አጎቴ ይደውላል፤ እኔ መሐል ሆኜ አስተላልፋለሁ። የድሮ ሥራዬ ተመለሰልኝ። አጎቴ ስለ ልጆቹ ቡድን ያወራል፤ ስንት ተሸነፉ፣ ማን ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ከዚያ ክርክሩ ይመጣል። ባለፈው እሑድ አባቴ የሰው ኮት ጭኑ ላይ አጋድሞ በእጁ ይዘመዝማል።

«ክላፍ ነው በይው» አለኝ ቀድሞ።

«ጋሼ፣ ክላፍ ነው ይልሃል።»

ከአጎቴ ኋላ የልጆች ጩኸትና የኳስ ድምፅ ይሰማል።

«አይደለም በይው» አለ። «ፈርጉሰን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ መቀመጥ ቀላል ነገር እንዳይመስለው። ያንን እኔ አልችልም ነበር በይው።»

ወደ አባቴ ጎንበስ ብዬ ጆሮው ሥር ቃል በቃል ነገርኩት። መርፌው ጨርቁ ውስጥ ቆመ። አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም። ደጃፉን፣ ነፋሱ ገፋ መለስ የሚያደርገውን መጋረጃ ነበር የሚያየው።

«ድገሚልኝ» አለኝ።

ሰምቶ ነበር። ደገምኩለት።